የቆዩ የሞዴል ሎኮሞቲቮችን መምረጥና ዳግም ማስነሳት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የቆየ ሎኮሞቲቭ ስገዛ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መሄዱን ካረጋገጥኩ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም መሄድ አለመሄዱን በመጨረሻ ቢያዩት ይሻላል። ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የከረመ ሎኮሞቲቭ አልንቀሳቀስ የሚለው ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ዘይትና ግራሶ ደርቆ ስለያዘው፣ ወይም ካርቦኑ (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) እና መንኮራኩሮቹ ስለቆሸሹ ነው፤ ይህ በጽዳት የሚስተካከል ነገር ነው። አስቀድመው መመርመር ያለብዎት የብረት አካሉን ነው። ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የተጣሉ ክፍሎች፣ በተለይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተመረቱት፣ በቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ገብቶ ከሆነ ከውስጥ እየተበሉ ያብጣሉ፣ ይጣመማሉ፣ በመጨረሻም ይፈረካከሳሉ። መድኃኒት የለውም። በቀለሙ ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካዩ፣ ወይም ሻሲው ጎብጦ መንኮራኩሮቹ በአንድነት ሐዲዱን የማይነኩ ከሆነ፣ ሎኮሞቲቩ ለጊዜው ቢሄድ እንኳ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ያለኝ በሁለቱ መስመሮች መካከል 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነው። ማንኛውም በዚህ ስፋት የተሠራ ሎኮሞቲቭ ይሄድበታል?

መልስ፦ ስፋቱ ብቻ አይወስንም። በ1:87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሰው) የተሠሩትም ሆኑ በ1:76 የተሠሩት የእንግሊዝ ሞዴሎች በዚሁ ስፋት ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የመጠን ልዩነታቸው ዓይን ይወጋል። የቆዩ መንኮራኩሮች ጠርዛቸው ጥልቅ ስለሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ሐዲድ ላይ ያለችግር ቢያልፉም በዝቅተኛው ላይ የሐዲዱን ማያያዣዎች እየመቱ ይንገጫገጫሉ። ሌላው የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው፦ የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ ባለ ሦስት መስመር ሎኮሞቲቮች የግራና የቀኝ መንኮራኩሮቻቸው በኤሌክትሪክ የተለያዩ ስላልሆኑ፣ በተለመደው ባለ ሁለት መስመር ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ላይ ሲቀመጡ ሾርት ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን እንዴት ላጽዳ?

መልስ፦ ከመፍታትዎ በፊት በየደረጃው ፎቶግራፍ ያንሡ። ክፍት አካል ባላቸው የቆዩ ሞተሮች ላይ የሚሽከረከረውን ክፍል ሳያስፈልግ አያውጡት፤ የዘመኑ ማግኔቶች መግነጢሳዊ ዑደታቸው ሲቋረጥ ኃይላቸው ይቀንሳል፣ የደከመ ማግኔት ያለው ሞተር ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል። ማውጣት ግድ ከሆነ ዋልታዎቹን የሚያገናኝ ቁራጭ ብረት ያስገቡ። ኮሙቴተሩን (ካርቦኖቹ የሚነኩትን የሚሽከረከር የመዳብ ክፍል) በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርገው፣ በክፍሎቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች የተጠራቀመውን የካርቦን ዱቄት በእንጨት ስንጥር ያውጡ። ብርጭቆ ወረቀት አልመክርም፤ የሚተወው ጭረት ካርቦኑን ቶሎ ይበላዋል። ካርቦኑ ካጠረ ወይም ሞላው ከላላ ይቀይሩ። ከዚያ ዘንጉ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ፕላስቲክ የማይጎዳ ቀጭን ዘይት አንድ አንድ ጠብታ፣ በጊሮቹ ላይ ጥቂት ግራሶ ይበቃል። ዘይት ከበዛ ወደ ኮሙቴተሩ ይደርስና ሥራውን እንደገና ያስጀምርዎታል።

ጥያቄ፦ ጸድቶም በየዙሩ አንድ ጊዜ ይነጥራል።

መልስ፦ በብረት ዘንግ ላይ የተጫነው የፕላስቲክ ጊር ከጊዜ ብዛት ኮምትሮ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ስንጥቁ ሁለት ጥርሶችን ስለሚያራርቅ እዚያ ሲደርስ ይነጥራል። ማጣበቂያ የጥርሶቹን ርቀት አይመልስም፤ ጊሩን ይቀይሩ። ለሞዴሉ መለዋወጫ ይገኝ እንደሆነ ከመግዛት በፊት ማጣራት የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አብሮት የመጣውን ትራንስፎርመርስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይጠቀሙበት። የሽቦው ጎማ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ሊይዝዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲጂታል ዲኮደር (በሐዲዱ የሚላክለትን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን በብዙ የቆዩ ሞተሮች ላይ አንደኛው ካርቦን ከሻሲው ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ፣ ሁለቱም ካርቦኖች ከሻሲው ፍጹም ተለይተው ካልተከለሉ ዲኮደሩ ወዲያው ይቃጠላል። ቀጥሎ ሞተሩ 12 ቮልት እየደረሰው ዘንጉን ለአፍታ አስቁመው የሚስበውን ኤሌክትሪክ በቴስተር ይለኩ፤ ውጤቱ ዲኮደሩ ከሚችለው በታች መሆን አለበት። ከበለጠ ወይ ጠንከር ያለ ዲኮደር ይምረጡ፣ ወይም መጀመሪያ የማግኔቱን ጉዳይ ይፍቱ።