የክርን መገጣጠሚያ ቅየራ ለእናቴ ይበጃቸው ይሆን?

ጥያቄ፦ እናቴ የ68 ዓመት ሴት ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛቸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሁን እኔ ዘንድ፣ ቨርጂኒያ ይገኛሉ። ቀኝ ክርናቸው ጉርሻ ወደ አፋቸው ማድረስ እስኪያቅታቸው ድረስ ተጎድቷል፤ ሌሊትም ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። የአጥንት ሐኪሙ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ይተካ ብሏል። እርሳቸው ግን ሐሳባቸው ሁሉ አገር ቤት ተመልሰው እንደ ቀድሞው እንጀራ መጋገር ነው። ቀዶ ሕክምናው ለዚያ ያበቃቸዋል?

መልስ፦ በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ያጠቃል፤ ሽፋኑ እያበጠ ልም አጥንቱን ሲበላው አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ከተስፋፉ ወዲህ ክርኑ እዚህ ደረጃ የሚደርስበት ሰው ቀንሷል። ስለዚህ ቅየራው የሚታሰበው መድኃኒቱ፣ መርፌውና ፊዚዮቴራፒው ሕመሙን መግታት ሲሳናቸው ነው። ወድቀው የክርናቸው አጥንት ለተሰባበረ አረጋውያንም ይሠራል።

ሐኪሙ የተበላውን አጥንት ካነሳ በኋላ አንዱን የብረት ዘንግ በላይኛው፣ ሌላውን በታችኛው የክንድ አጥንት ውስጥ በአጥንት ሲሚንቶ ያጣብቃል። ሁለቱ እንደ በር ማጠፊያ ይያያዛሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ከሕመሙ እጅግ ይገላገላሉ። ክርኑ ሙሉ በሙሉ ባይዘረጋም ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ከተንቀሳቀሰ ለመጉረስ፣ ፊት ለመታጠብና ሻሽ ለማሰር ይበቃል፤ ለእናትዎ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ስለ እንጀራው ግን ከወዲሁ በግልጽ ሊነግሯቸው ይገባል። በተለምዶ ሐኪሞች በተቀየረው ክንድ በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ፣ በተደጋጋሚ ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ እንዳይነሳ ለዕድሜ ልክ ያሳስባሉ፤ ሸክም ሲበዛ ዘንጉ ከአጥንቱ ይላቀቃልና። በትንሽ ጣሳ ሊጥ ቀድቶ ምጣድ ላይ ማዞር ምናልባት አይከብድ ይሆናል፤ ሊጥ ማቡካት፣ ከባድ አክንባሎ ደጋግሞ ማንሳትና የ20 ሊትር ጀሪካን መሸከም ግን ለሌላ ሰው የሚተዉ ሥራዎች ናቸው። ከወንበር ሲነሡም በዚያ እጅ መደገፍ የለባቸውም።

በሩማቶይድ አርትራይተስ ምክንያት ከተቀየሩት ክርኖች ከ10ሩ 8 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት እስከ 10 ዓመት ያገለግላሉ። ሆኖም ክርን ላይ ያለው ቆዳ ስስ በመሆኑ፣ መድኃኒቶቹም የመከላከያ ኃይልን ስለሚያዳክሙ፣ የቁስል ማመርቀዝ ሥጋቱ ከዳሌና ከጉልበት ቅየራ ይበልጣል። በክርኑ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲነካ ደግሞ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ሊደነዝዙ ይችላሉ።

ቀዶ ሕክምናው ከዳሌና ከጉልበት ቅየራ ይልቅ ብርቅ ስለሆነ፣ ሐኪሙ በዓመት ስንት እንደሚሠራ ያለ ሐፍረት ይጠይቁት። ሕመሙ የአንገት አጥንትንም ስለሚያላላ ከማደንዘዣው በፊት አንገታቸው በራጅ ይታይ፤ የሚወስዱት መድኃኒት የትኛው እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚቀጥል ሐኪማቸው ይወስን እንጂ በራሳቸው አያቋርጡ። አገር ቤት ሲመለሱ የተገጠመላቸው መገጣጠሚያ ስምና ዓይነት የተጻፈበት ሰነድ ከራጁ ጋር በእጃቸው ይኑር፤ ክርኑ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ሳያድሩ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።