ፕሪ ወርክአውት (ከጂም በፊት በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የማነቃቂያ ዱቄት) ስጠጣ ፊቴን ይወረኛል፣ ሌሊትም እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ላቁመው ወይ? ላልከው

መውረሩ አያስፈራህ። ቤታ አላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ጆሮና ፊት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ያስመስላል፣ ብዙም ሳይቆይ ይለቅሃል። ካስጠላህ መጠኑን ቀንስ።

እንቅልፍህን የነሳህ ካፌይኑ ነው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ 300 ሚሊ ግራም ከጠጣህ፣ እኩለ ሌሊት ላይ 150ው ገና ደምህ ውስጥ ነው። ቡና ጠጥቶ አልጋ ላይ እንደመውጣት ቁጠረው።

ስለዚህ ጂም የምትገባው ከሥራ በኋላ ከሆነ ካፌይን የሌለውን ግዛ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን እሱንም ተወው። ክሬቲን (ለጡንቻ ጉልበት የሚወሰድ ዱቄት) በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃሃል። ጠዋትም ውሰደው ማታ፣ ለውጥ የለውም፤ ዋናው በየቀኑ መውሰዱ ነው። ከጂም በፊት ሙዝና ውሃ ጨምርበት፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ቡናህንም ቁጠር። እኔ አንድ ቅዳሜ ቤት ቡና ተፈልቶ እስከ በረካ ጠጣሁ። ከዚያ ጂም ሄጄ ዱቄቱን በማንኪያው ከምሬ በጠበጥኩ። ስኳት ልሠራ ብረቱን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ብረቱን መልሼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው የሚመከረው፣ ያውም ቡናውም ሻዩም ተደምሮ። ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብህ ደግሞ ሐኪም ሳታማክር ፕሪ ወርክአውቱን እንዳትነካው።