ስኳር ወደ ካንሰር ይቀየራል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው። ስለ ስኳርና ካንሰር ጠይቁኝ ብያችሁ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት። ጎረቤት «ስኳር እኮ ወደ ካንሰር ይቀየራል» አላትና እንቅልፍ አጣች። እውነት ነው?

አይቀየርም እህቴ። ይህን ዛሬውኑ ንገሪያት። ግን ግንኙነት የላቸውም ማለት አይደለም። ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ አንዳንድ ካንሰሮች በርከት ብለው ይታያሉ። የጉበት፣ የቆሽትና የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ያልፋልም። የትልቁ አንጀት፣ የጡትና የሽንት ፊኛ ጭማሪው ከዚያ ያንሳል። የፕሮስቴት ካንሰር እንዲያውም ይቀንሳል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የካንሰር ማኅበር በፈረንጆቹ 2010 በጋራ ያወጡት ሰነድም ይህንኑ ይላል።

«እጥፍ» ስትሰሙ አትደንግጡ። ከሺህ ሰው 5ቱን የሚይዝ ሕመም እጥፍ ሆነ ቢባል 10 ሰው ነው። 990ው አይያዝም።

ጥያቄ፦ ካንሰሩን የሚመግበው ስኳሩ ነው? ጣፋጭ ባቆም ይራባል?

ዋናው ተጠርጣሪ ኢንሱሊን ነው። በዓይነት 2 ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ስለሚል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። ኢንሱሊን ደግሞ ስኳርን ወደ ሴል ከማስገባት ሌላ ሴሎችን «እደጉ፣ ተባዙ» ይላል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ጥሩ አይደለም። የሆድ ስብም የራሱን ይጨምራል።

የካንሰር ሴል ስኳር አብዝቶ መጠቀሙ እውነት ነው። ካንሰር ያለበትን ቦታ የሚያሳየው የፔት ስካን ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ነው። ምግብ በማቆም ግን አይራብም፤ ጉበት ራሱ ስኳር ይሠራልና። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ሆነው እንጀራ የተዉ ሰዎች አይቻለሁ። የከሱት እነሱ ናቸው። እባካችሁ ብሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ 62 ዓመቱ ነው። በቅርቡ ስኳር ተገኘበት። ኪኒኑን በሥርዓት ይወስዳል፤ ግን እየከሳ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንድ አባት ነበሩ፤ በየቀጠሮው ኪሎ ሲቀንሱ «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ሸሚዛቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ቀበቶአቸውን አየሁት። በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ስኳራቸው ደግሞ እየባሰ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሱ፤ የቆሽት ካንሰር ነበር። ያ «ጎሽ» እስካሁን ይቆጨኛል።

አንዳንድ ጊዜ ካንሰሩ ይቀድማል፤ ቆሽትን ይጎዳና ስኳሩን እሱ ያመጣዋል። ግን ልብ በል፦ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ ስኳር ከሚገኝባቸው ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ካንሰር የሚታይባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ያልተቆጣጠሩት ስኳርም ራሱ ያከሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ ይታይ። ስኳሩ ተስተካክሎም ከከሳ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከባሰበት፣ ወይም ከላይኛው ሆዱ ወደ ጀርባው የሚወጋ ሕመም፣ የምግብ መዝጋት፣ የዓይን ቢጫነት፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት ካለው ለሐኪሙ በግልጽ ንገረው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለሆነ አልትራሳውንድ ሊያመልጠው ይችላል። «ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የኢንሱሊን መርፌ ካንሰር ያመጣል አሉኝ። ላቋርጥ?

እንዳታቋርጥ ወንድሜ! ግላርጂን የተባለው ኢንሱሊን ከ12,000 በላይ ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት ለስድስት ዓመት ያህል ታይቷል። ውጤቱ 2012 ላይ ወጣ፤ ካንሰር አልጨመረም። ዓይነት 1 (ቆሽት ራሱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመበት) ከሆንክማ ኢንሱሊን ማቆም በቀናት ውስጥ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የስኳር ኪኒኑ ሜትፎርሚንስ ካንሰር ይከላከላል?

ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ስኳር በሌለባቸው የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ 2022 ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት ግን ጥቅም አላገኘበትም። ለስኳራችሁ ውሰዱት፤ ለእሱ ጥሩ ነው።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ስኳር አልነበረብኝም። ኬሞ ከጀመርኩ ወዲህ 310 ገባ። ምን ሆኜ ነው?

አይዞሽ። ማስመለስና አለርጂ እንዳይመጣ ከኬሞው ጋር ዴክሳሜታዞን ይሰጣል፤ እሱ ስኳር ያንራል። በተለይ ከሰዓት በኋላና ማታ ይወጣል። ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ ከለካሽ ላታዪው ትችያለሽ፤ ከምሳ በኋላም ለኪ። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ለካንሰር ሐኪምሽ አሳዪ። ውኃ ጥም ከበዛብሽ፣ ሽንት ከተመላለሰብሽ ወይም ካስመለሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ አብሽና ሽፈራውስ?

እንደ ምግብ ብሉ። በመድኃኒት ምትክ ግን አይሆንም። ኬሞ ላይ ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስኳር ስላለብኝ ብቻ የተለየ የካንሰር ምርመራ ያስፈልገኛል?

ስኳር ስላለባችሁ ብቻ አይደለም፤ ለማንም የሚመከረውን ግን አትዝለሉ። አገራችን ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዙት የጡትና የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ናቸው። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ጫፍ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስም አንዴ ተመርመሩ፤ የሰባ ጉበት ላይ እሱ ሲጨመር አደጋው ይከብዳል። የወር አበባችሁ ከተቋረጠ በኋላ ደም ያያችሁ እናቶች፣ ጠብታም ብትሆን «የዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፏት። በዚያው ሳምንት ታዩ። የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ በጊዜው ሲደረስበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል።