ስቴቱ ፈቀደ፣ ፌዴራሉ አልፈቀደም፦ ስለ ማሪዋና ጥያቄና መልስ ከጋሽ ምንተስኖት ጋር

አወያይ፦ በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ ማሪዋና "ተፈቅዷል" ሲባል ለኛ ሰው ምን ማለት ነው? ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ጋሽ ምንተስኖትን ጋብዘናል። በኢሚግሬሽን ጠበቆች ቢሮ ለብዙ ዓመታት ፋይል ሲያዘጋጁ የኖሩ ናቸው። ጥያቄያችሁን ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጋሽ ምንተስኖት፦ ጤና ይስጥልኝ። አስቀድሜ ልናገር፣ ጠበቃ አይደለሁም። የራሳችሁን ፋይል የሚያየው ጠበቃችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ሲቲዝን ያልሆናችሁ ሰዎች፣ አትንኩት። ዛሬ ይህን ስደጋግመው ትሰለቻላችሁ፤ ግዴለም።

የዊተን ልጅ፦ ጋሼ፣ ሜሪላንድ ከፈቀደች በኋላ ፌዴራሉ እንዴት ይከለክላል? ሁለት ሕግ ባንድ አገር?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ጥሩ ጥያቄ። ሥሩ ያለው በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ላይ ነው። ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ፣ ማለትም በጣም ጥብቅ ክልከላ ያለባቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና ፈቀደች። ከዚያ የካሊፎርኒያ ሕመምተኞች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2005 የተሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው፤ ለራስህ ሕክምና ጓሮህ ውስጥ ብታበቅላትም፣ ስቴትህ ቢፈቅድልህም፣ ኮንግረስ መከልከል ይችላል። ይህ ፍርድ እስካሁን አልተሻረም።

ታዲያ ስቴቶቹ ምን አደረጉ? የራሳቸውን ክልከላ አነሱ። በቃ፣ ይኸው ነው። በ2012 ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በሕዝብ ድምፅ ለመዝናኛ ጭምር ፈቀዱ። በ2013 የኦባማ ፍትሕ ሚኒስቴር "ደንባችሁን በሥርዓት ካስከበራችሁ እኛ ቅድሚያ አንሰጠውም" የሚል ደብዳቤ አወጣ። በ2018 የትራምፕ ፍትሕ ሚኒስትር ጄፍ ሴሽንስ ደብዳቤውን ሰረዙት። አየህ፣ ደብዳቤ ነበር እንጂ ሕግ አልነበረም። ዛሬ 24 ስቴቶችና ዲሲ ፈቅደዋል፣ የፌዴራሉ ሕግ ግን እንዳለ አለ።

አሜሪካዊ ጎረቤትህ ይህ ልዩነት ብዙም አያስጨንቀው ይሆናል። ቤቱ በር ላይ የሚመጣ የፌዴራል ፖሊስ የለም። አንተን ግን የሚያስጨንቅህ ኢሚግሬሽን ራሱ ፌዴራል ስለሆነ ነው። ግሪን ካርድህን የሰጠህ ሜሪላንድ አይደለችም።

ባለ ግሪን ካርዱ፦ ከዲስፔንሰሪ፣ ከማሪዋና መደብሩ ማለቴ ነው፣ ገዝቼ ቤቴ ባጨስ ማን ያውቃል?

ጋሽ ምንተስኖት፦ አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ። እየቀለድኩ አይደለም። የዜግነት ፎርሙ ላይ ይጠየቃል፤ ቃለ መጠይቁ ላይ መሐላ ፈጽመህ ትጠየቃለህ። ለእምነት ክህደት ፍርድ ቤት መቅረብ አያስፈልግም። በሥርዓቱ ጠይቀውህ "አዎ፣ ይዤ ነበር" ካልክ፣ ያ ቃል ብቻውን ችግር ይሆናል። ስቴቱ ፈቅዶ ነበር ማለት መከላከያ አይሆንም።

ሌላው ኤርፖርት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ "ወደ ቤቱ ተመላሽ" ተብሎ ይገባል። የአደንዛዥ ዕፅ ነገር ካለበት ግን እንደ አዲስ ገቢ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ደለስ ኤርፖርት ላይ ስልክህን ከፍተው የልደት ፎቶህን ሲያዩ፣ በእጅህ የያዝከው ምንድነው ይሉሃል።

አሁን ሠላሳ ግራምን ስሙኝ። ይህን ነገር ማንም አይነግራችሁም። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ትቷል። ለራስ መጠቀሚያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ከሆነ የተወሰነ ርኅራኄ አለ። ሜሪላንድ ስንት ትፈቅዳለች? አንድ ተኩል አውንስ። በግራም ስትቆጥሩት ከ42 ያልፋል። ዲሲ ሁለት አውንስ፣ ከ56 ግራም በላይ። ስቴቱ የፈቀደልህን ሙሉውን ብትይዝ ከቀዳዳዋ ውጪ ነህ ማለት ነው። የቨርጂኒያ አንድ አውንስ 28 ግራም ስለሆነች ለጥቂት ታልፋለች፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ።

እና ደግሞ አትዋሹ። መዋሸት ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። ያደረጋችሁት ነገር ካለ ፎርም ከመሙላታችሁና ከመጓዛችሁ በፊት ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ስም የለሽ፦ ስለ ዊድ፣ ስለ ማሪዋና ማለቴ ነው፣ ሕግ ቢያብራሩልን።

ጋሽ ምንተስኖት፦ ምኑን? የቱ ስቴት? ሲቲዝን ነህ፣ አይደለህም? ጥያቄ አምጣ።

ባለ 18 ጎማው፦ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለኝ፣ ሲቲዝንም ነኝ። ዕረፍት ላይ ሆኜ፣ መኪናውን ሳልነዳ፣ በተፈቀደበት ስቴት ብጠቀምስ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ሲቲዝን በመሆንህ ከአንዱ ጭንቀት ተገላግለሃል፤ ሥራህ ግን እዚያው ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱም ፌዴራል ነው። የዕፅ ምርመራው የሚያየው ሽንትህን እንጂ መቼና የት እንዳጨስክ አይደለም። የሐኪም ካርድ አለኝ ብትል አይቀበሉህም። ሲቢዲ የሚባለውን፣ ከዚያው ተክል የሚወጣውን የማያሰክር ዘይት ነው የወሰድኩት ብትልም አይቀበሉህም። ምርመራውን አልሰጥም ማለት እንደወደቀ ያስቆጥራል። ከወደቅክ ክሊሪንግሃውስ የሚባለው መዝገብ ላይ ትገባለህ፣ የሚቀጥርህ ኩባንያ ሁሉ ያየዋል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ስቴቱ የንግድ መንጃ ፈቃድህን ያወርደዋል። የመመለሻ ሥርዓቱን እስክትጨርስ ቁጭ ነው።

የሰንበት እናት፦ ጋሽ ምንተስኖት፣ የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ እስክሪብቶ የመሰለች ነገር አገኘሁ። ጫፏ ላይ ቢጫ ዘይት አለ። ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ለአባቱ አልነገርኩም። ምን ላድርግ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ እህቴ፣ አይዞዎት። መጀመሪያ ግን፣ ያገኙት የማሪዋና ዘይት ከሆነ፣ ለዚህ ልጅ የተፈቀደበት የትም የለም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም 21 ዓመት ነው የሚሉት። ለጤናው ሐኪሙን ያናግሩ፣ እኔ በዚያ አልገባም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እርስዎ ሲቲዝን ነዎት? ልጁስ በግሪን ካርድ ነው ያለው? እርስዎ ወይም አባቱ ልጁ 18 ሳይሞላው ሲቲዝን ከሆናችሁ፣ እሱም ግሪን ካርድ ይዞ ከናንተ ጋር የሚኖር ከሆነ፣ በሕጉ በራሱ ሲቲዝን ይሆናል። ብዙ ወላጅ "እንግሊዝኛዬ ይስተካከል" እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ልጁ 18 ይሞላዋል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጓደኛው መኪና ውስጥ ቢያዝ የሚመጣበት ጣጣ ሌላ ነው። ስለዚህ ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ፎርሙን ያውጡ። ለአባቱ ይንገሩ፣ ቁጣው ሲበርድ አብራችሁ ተቀመጡ።

የሰንበት እናት፦ እኔ ግሪን ካርድ ነኝ፣ አባቱም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይ ይሄ አገር!

ናርዶስ፦ ዲስፔንሰሪ ውስጥ ካሸር ሆኜ ልገባ ነው። በሰዓት የሚከፍሉት ጥሩ ነው። እኔ አልጠቀምም፣ ብቻ እሸጣለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ።

ጋሽ ምንተስኖት፦ አትግቢ። ከመጠቀም ይብሳል እኮ! በፌዴራሉ ዓይን ሻጭ ነሽ። በኤፕሪል 2019 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አውጥቶታል፤ በዚህ ኢንዱስትሪ መቀጠር፣ ስቴቱ ቢፈቅድም፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን "መልካም ሥነ ምግባር" ሊያሳጣ ይችላል። እኔ ሒሳብ ብቻ ነው የምሠራው፣ ጥበቃ ነኝ፣ የሚሉ ሰዎች መጥተውብኛል። የግብር ወረቀታቸው ላይ የቀጣሪው ስም ተጽፏል። ሌላ ሥራ ፈልጊ።

ብሩክ ከአርሊንግተን፦ ጋሼ፣ የእርስዎ አስተያየት ምንድነው? መፈቀዱ ጥሩ ነው መጥፎ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ የኔ አስተያየት የማንንም ፋይል አያድንም። ይለፈኝ።

ብሩክ ከአርሊንግተን፦ እኔ ልንገራችሁ እሺ። ጥቁርና ነጭ እኩል እያጨሱ ሲታሰር የኖረው ጥቁሩ ነው። የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤሲኤልዩ በ2013 ባወጣው ጥናት ጥቁር ሰው የመታሰር ዕድሉ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። የሜሪላንድ ሕዝብ በ2022 ከሦስት ሁለቱ "ይፈቀድ" ያለው ለዚህ ነው።

ዲያቆኑ፦ ሕዝብ ስለመረጠው ጤናማ ሆነ? የዛሬው ዊድ የድሮው አይደለም፣ ኃይሉ ብዙ እጥፍ ነው። መንገዱ ሁሉ ሸቷል። ልጆቼን ይዤ ዩ ስትሪት መሄድ ትቻለሁ። ፍሎሪዳ በ2024 ያስፈልግ የነበረው 60 በመቶ ሳይሞላለት ቀርቷል፣ ሁለቱ ዳኮታዎችም እምቢ ብለዋል።

ብሩክ ከአርሊንግተን፦ ፍሎሪዳ እኮ ከግማሽ በላይ "ይሁን" ብሏል። ደግሞ ሽታ ካስጠላህ አልኮሉስ? ቅዳሜ ማታ አደጋ የሚያደርሰው የቱ ነው?

ዲያቆኑ፦ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ጨምርበት ነው የምትለው?

የድሬ ልጅ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ጫት ቢፈቅዱልን ሁሉም ይስማማ ነበር። ቅጠል ናት፣ ከቡና አትብስም።

ዲያቆኑ፦ ይኸው! አልኳችሁ እኮ። አንዱን በር ስትከፍት ሁሉም ሰልፍ ይይዛል።

አወያይ፦ እባካችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጋሽ ምንተስኖት፦ የጫቱን ልመልስ፣ ምክንያቱም ሰው ይጎዳበታል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ አንደኛው መደብ ውስጥ ነው፣ የ1970ው ሕግ ማሪዋናን ያስገባበት መደብ ማለት ነው። ለጫት ደግሞ የሠላሳ ግራሟ ቀዳዳ እንኳ የለችም። አገር ቤት ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ነው ብለህ ሻንጣ ውስጥ ብትይዝ ደለስ ላይ ማንም አይሰማህም። የድሬ ልጅ፣ ገባህ?

የድሬ ልጅ፦ ገባኝ ጋሼ። ቡናው ይበቃኛል።

ሰላማዊት፦ ዲሲ ውስጥ "ስጦታ" እያሉ የሚሰጡት ሱቆችስ? ስቲከር ገዝተሽ ዊዱ በነጻ ነው ይላሉ።

ጋሽ ምንተስኖት፦ እሱ ረጅም ተረት ነው። የዲሲ ሕዝብ በ2014 በድምፅ ፈቀደ፣ በ2015 ተግባራዊ ሆነ። መያዝ፣ ማብቀል፣ እስከ አንድ አውንስ በስጦታ መስጠት ተፈቀደ። መሸጥ ግን የለበትም። ለምን? ዲሲ ስቴት አይደለችማ። በጀቷን ኮንግረስ ይቆጣጠራል። የሜሪላንዱ ተወካይ አንዲ ሃሪስ ያስገቡት አንቀጽ ዲሲ ለሽያጭ ሕግ ገንዘብ እንዳታወጣ አሰራት። በራሳቸው ስቴት በመደብር ይሸጣል፣ ጎረቤቱን ግን ይከለክላሉ። በዚህ መሐል "ስጦታ" የሚሉት ንግድ ተፈለፈለ። ስቲከር በ60 ዶላር የሚገዛ ማን ነው? ሽያጭ ነው። ሲቲዝን ያልሆናችሁ በዚያ በኩል እንኳ አትለፉ።

መሬቱንም ተጠንቀቁ። ናሽናል ሞል የፌዴራል ነው። ጥብስ የምናደርግበት ሮክ ክሪክ ፓርክ የፌዴራል ነው። ወደ ሬገን ኤርፖርት የሚወስደው ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይም የፌዴራል ነው። እዚያ የሚያስቆምህ የፓርክ ፖሊስ የቨርጂኒያን ሕግ አይቆጥርልህም። የምትከሰሰው በፌዴራል ነው።

ታዛቢ፦ ግሪን ካርድ አለኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ተፈቅዷል አይደል?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ወንድሜ፣ ከላይ ምን ስል ቆየሁ? ሲቲዝን እስክትሆን አትንካው።

የዲቪው ልጅ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ዘንድሮ ዲቪ ደርሶኛል። ሻሸመኔ ሄጄ ከጓደኞቼ ጋር ሞክሬ ነበር። የኤምባሲው ሐኪም ከጠየቀኝስ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ይጠይቅሃል። ለሐኪም የነገርከው ቆንስላው ጋ ይደርሳል። የሱስ ወይም አላግባብ የመጠቀም ምርመራ ካወጡብህ ብዙ ጊዜ 12 ወር ንጹሕ ሆነህ እስክትታይ ያቆዩሃል። ዲቪ ደግሞ 12 ወር አይጠብቅም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ዕድሉም ያልቃል። ከቀጠሮው በፊት ጠበቃ አማክር። እንዳትዋሽ። እንዳትደግመውም።

አንድነት፦ የሜሪላንድ ገዢ ዌስ ሙር በ2024 ከ175,000 በላይ የማሪዋና ፍርድ በምሕረት ሰርዘዋል። የኔም የድሮ ፍርድ ተነስቷል። ኢሚግሬሽንም ጋ ጠፋ ማለት ነው?

ጋሽ ምንተስኖት፦ ጠፋ ብለህ እንዳትተማመን። የገዢ ምሕረት የዕፅ ፍርድን ከመባረር አያድንም፣ ሕጉ ለሌሎች ወንጀሎች የሰጠውን ለዕፅ አልሰጠም። መዝገብ ማሰረዝም እንደዚያው ነው። የተረጋገጠውን የፍርድ ወረቀት ከፍርድ ቤት አውጣና ያዝ፣ ሲጠይቁህ ያስፈልጋል።

ሰላማዊት፦ ማሪዋና ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው መደብ ይወርዳል ሲባልስ?

ጋሽ ምንተስኖት፦ በሜይ 2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሐሳቡን አቅርቧል። ቢወርድም ቁጥጥር ያለበት ዕፅ ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንደኛ ሦስተኛ ብሎ አይለይም፣ ሁሉንም መደብ ይይዛል። ዜና አይታችሁ አትፈንጥዙ።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ማሪዋና ያለበት ጋሚውስ? አይጨስም እኮ፣ ከረሜላ ነው። እማዬ እንቅልፍ እምቢ ስላላት፣ በሚመጣው ሳምንት አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልልክላት ነበር።

ጋሽ ምንተስኖት፦ አንቺ ልጅ! የሚታኘከውም፣ የሚጠጣውም፣ ኬክ ውስጥ የሚጋገረውም ያው ነው። እዚህ ስትልኪ በፌዴራል ጥፋት፣ እዚያ ሲገባ በኢትዮጵያ ወንጀል። የሚይዘው ደግሞ አደራሽን የተቀበለው ሰው ነው። አውጪው ከሻንጣው። እማማን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው።

ሄለን፦ እሺ ጋሼ። ሰውየው ግን ሻንጣውን ዘግቷል።

ጋሽ ምንተስኖት፦ አስከፍቺው። አሁኑኑ ደውዪለት።