ለ3 ሜትር ከ20 ሳሎን ስንት ኢንች ቲቪ ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 3 ሜትር ከ20 በ4 ሜትር ነው። ኤል ሶፋው ረጅሙን ግድግዳ ተደግፏል፤ ቲቪው ከፊት ለፊቱ ይሆናል። ባለቤትሽ 65 ኢንች ካልሆነ ብሏል፣ አንቺ ደግሞ 50 ይበቃናል ባይ ነሽ። ቲቪና ዲሽ መግጠም እንጀራዬ ስለሆነ ይህ ክርክር ያለበት ቤት ብዙ ገብቻለሁ። መልሴን ላስቀድም፦ 55 ግዙ። ምክንያቱን አብራችሁ አንብቡት፤ ባለቤትሽ በ65 ቢጸና እንኳ መቼ እንደሚያስኬድ ታውቃላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚለካው ክፍሉን ነው። መለካት ያለበት ግን ከዓይን እስከ ስክሪን ያለው ርቀት ነው። ሶፋው ላይ እንደ ሁልጊዜው ደገፍ ብለሽ ተቀመጪ። ሜትሩን ከዓይንሽ አጠገብ ያዢውና ባለቤትሽ ቲቪው የሚቆምበት ድረስ ይሳበው። ያን ጊዜ ሶፋው ምን ያህል ቦታ እንደሚበላ ታያላችሁ። ደገፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከኋላው ግድግዳ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ቲቪው ስታንድ ላይ ከቆመ ደግሞ እሱም ከግድግዳው 20 ሴንቲ ያህል ይወጣል። ስለዚህ 3 ሜትር ከ20 ያልሽው ክፍል ለዓይንሽ 2 ሜትር ከ35 አካባቢ ነው። ዋናው ቁጥር ይሄ ነው።

አሁን ወደ ኢንቹ እንምጣ። ኢንች የሚለካው ስክሪኑን በሰያፍ፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 55 ኢንች ማለት ሰያፉ 140 ሴንቲ ማለት ነው። ይህን በ1.6 ስታባዢው 2 ሜትር ከ24 ይመጣል። ዜናም፣ ኳስም፣ ድራማም ለሚታይበት ቤት ምቹ የሚባለው ርቀት ይሄ ነው፤ ከእናንተ ሶፋ ጋር ደግሞ ገጠመ ማለት ይቻላል። በዚሁ ስሌት 43 ኢንች 1 ሜትር ከ75፣ 50 ኢንች 2 ሜትር፣ 65 ኢንች 2 ሜትር ከ65፣ 75 ኢንች 3 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሲኒማ ቤት የተቀመጡ ያህል ስክሪኑ ዓይን እንዲሞላ የሚፈልጉ በ1.6 ፋንታ በ1.2 ያባዛሉ። ያኔ 65 ኢንች 2 ሜትር ላይም ያስኬዳል። ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም የምለው ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ55 ወደ 65 ሲኬድ የሚጨምረው 10 ኢንች ብቻ ይመስላል። ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ ሲታይ ግን ስክሪኑ 40 በመቶ ያህል ያድጋል። ሱቅ ውስጥ ይሄ አይታወቅም። ሱቁ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ አጠገቡ ደግሞ 85 ኢንች ቆሟል። እዚያ ትንሽ የመሰለው ቲቪ ቤት ሲገባ ግድግዳውን ይውጠዋል።

ከርቀቱ እኩል የሚወስነው የምታዩት ነገር ነው። ይሄን ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይገዛል። ጀሞ አንድ ቤት 75 ኢንች ልገጥም ሄጄ ነበር። ልጃቸው ከውጭ ገንዘብ ልኮ ያስገዛላቸው ነው። ሶፋው ከግድግዳው 2 ሜትር ቢርቅ ነው። ከፍቼ ዜና ላይ ሳደርገው እናትየው ቀስ ብለው ተነሱና ከኋላ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። «ከዚህ ይሻለኛል፤ እዚያ ፊታቸው ተጨማለቀብኝ» አሉ። ልክ ነበሩ። ሪሲቨሩ አሮጌ ነው፤ የተገናኘውም በቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ነው። በዚያ ገመድ የሚመጣው ምስል ለትንሽ ስክሪን የተሠራ ነው። ወደ 75 ኢንች ሲለጠጥ የዜና አንባቢዋ ቅንድብ እንኳ አይለይም። ኤችዲ ሪሲቨር አስመጥተን በኤችዲኤምአይ ገመድ ስንቀጥለው በጣም ተሻሻለ። ሶፋውንም ወደ ኋላ ገፋነው። እናትየው ግን አሁንም ወንበሩን ይመርጣሉ።

እናንተ ቤት በብዛት የሚታየው የዲሽ ቻናል ከሆነ 55 ላይ ቁሙ። ኢትዮሳት ላይ ኤችዲ የሆኑ ቻናሎች አሉ፣ ጥራታቸው ዝቅ ያለም አለ፤ 55 ሁለቱንም ይችላል። ዋይፋይ ካላችሁና የምታዩት ባብዛኛው 4ኬ ፊልምና ዩቲዩብ ከሆነ ግን የባለቤትሽ 65 ትርጉም ይኖረዋል። 4ኬ ምስሉ ደቃቅ ስለሆነ ቀረብ ብለው ቢያዩትም አይፈረካከስም።

«ቅርብ ሆኖ ማየት ዓይን ያጠፋል» የሚባለው ያሳስባችሁ ይሆናል። ቅርብ መቀመጥ ዓይን ያደክማል እንጂ አያጠፋም። ልጃችሁ ሁልጊዜ ስክሪኑ ሥር ሄዶ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ቲቪውን አትለውጡ፤ ልጁን ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከሩቅ አላይ ብሎት ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ ሳታወጡ የምትሞክሩት ነገር አለ፣ ለሁሉም ደንበኛ የምነግረው ነው። የፍሪጅ ወይም የሌላ ዕቃ ካርቶን ፈልጉ። 122 ሴንቲ በ69 ቁረጡ፤ ያ 55 ኢንች ነው። አንድ ደግሞ 144 በ81 ቁረጡ፤ ያ 65 ነው። ተራ በተራ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉና ማታ ማታ ከሶፋው እዩት። አንገታችሁን ሳታዞሩ ሁለቱ ጫፎች ይታያሉ? መስኮቱን ወይም የመኝታ ቤቱን በር ይነካል? ለቡናው የምትቀመጪበት ቦታስ? ከሰልና ዕጣኑ ከስክሪኑ ሥር ባይሆን ይመረጣል፤ ጭሱም ሙቀቱም አይስማማውም። ብዙ ባልና ሚስት ክርክሩን የጨረሱት በካርቶኑ ነው።

የኤል ሶፋው አጭር ክንድ ላይ የሚቀመጠውንም አስቡት። ከጎን ሲታዩ ቀለማቸው የሚነጣ ቲቪዎች አሉ። ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ብቻ አትቁሙ፤ ወደ ጎን ሄዳችሁ እዩት። የሰው ፊት ከነጣ ሌላ አስከፍቱ። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ይሄ ከኢንቹ በላይ ያስቆጫል።

ከፍታው ላይ ደግሞ እባካችሁን። ሬስቶራንት ውስጥ ቲቪ ኮርኒስ ሥር የሚሰቀለው የሰው ጭንቅላት እንዳይጋርደው ነው። ቤት ውስጥ ግን አንገት ይሰብራል። የስክሪኑ መሃል ተቀምጣችሁ ከዓይናችሁ ትይዩ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ወይም 1 ሜትር ከ10 ቢሆን በቂ ነው። 55 ኢንች ከሆነ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 70 ሴንቲ አካባቢ ይሆናል። «በጣም ዝቅ አለ» ትላላችሁ፤ ተቀመጡና እዩት።

ከመስቀላችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ የክፍል መለያ አግሮስቶን፣ ማለትም ቀለል ያለ ተገጣጣሚ ሰሌዳ ነው። 55 ኢንች ከ15 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አግሮስቶን ላይ በተራ ፊሸር ተሰቅሎ ልጅ ቢጎትተው ይዞት ይወርዳል። ብሎኬት ከሆነም መሰርሰሪያው ባዶው ላይ ከገባ አጭር ፊሸር አይይዝም። ካላመናችሁት ስታንድ ላይ አቁሙትና ከኋላ በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር እሰሩት፣ በተለይ ልጅ ካለ። ስታንድ ስትገዙ የቲቪውን እግሮች ለኩ። ብዙ ቲቪዎች እግራቸው በሁለቱ ጫፍ ነው፤ ለ55 ኢንች 1 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሊፈልግ ይችላል። ብፌ ካላችሁና የቲቪ ቦታው የተሠራው ለድሮው 29 ኢንች ከሆነ እርሱት፤ 43 እንኳ ወርዱ 95 ሴንቲ ነው።

መጨረሻ ላይ ሱቅ ስትገቡ ሜትር ያዙ። መስታወቱን ብቻ በሰያፍ ለኩ፣ ፍሬሙን አትቁጠሩ። 55 ከተባለ 139 ወይም 140 ሴንቲ መምጣት አለበት። 4ኬ ከተባለ ካርቶኑ ላይ 3840 በ2160 የሚል ፈልጉ። «4ኬ ይቀበላል» ማለት ስክሪኑ 4ኬ ነው ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ምንም ችግር የለም። 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ግን እኛ ጋ 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት።

ሌላው መንገድ ሶፋውን ወደ አጭሩ ግድግዳ አዙሮ ቲቪውን በ4 ሜትሩ አቅጣጫ ማድረግ ነው። ያኔ ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ 3 ሜትር ከምናምን ስለሚሆን 65 ያለ ምንም ጥያቄ ይገባል። የሚቻል መሆኑን የሚወስነው በሩና መስኮቱ ነው። የት የት እንዳሉ ጻፊልኝ፣ እነግርሻለሁ።