እንጀራ፣ አመድና የግድግዳው ራስ ደጀን

መስከረም ሲቃረብ ከመምህራን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ዘንድሮ አብዛኞቹ ስለ መርጃ መሣሪያና ትምህርቱን ስለሚያነቃቃ ሐሳብ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 72 ልጆች አሉ። ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ሁሌም ይጠፋባቸዋል። የቡድን ሥራ እንዳልሰጥ ዴስኩ አይንቀሳቀስም፤ ጫጫታውም አይቻልም።

መልስ፦ ከመሣሪያው በፊት ጥሩ ጥያቄ ይፈልጉ። "ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል?" ብለው ይጀምሩ። ብዙ ልጆች 1/4 ይላሉ፤ 4 ከ3 ይበልጣላ! ቶሎ አያርሟቸው። "አንድ እንጀራ ለሦስት ሰው ቀረበ። እኩል የሆነ ሌላ እንጀራ ለአራት ሰው ቀረበ። እናንተ የትኛው መሶብ ጋ ትቀመጣላችሁ?" ይበሏቸው። አንድ ደቂቃ ለየብቻ ያስቡ። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይነጋገሩ። ከዚያ እጅ ያውጡ። ለዚህ ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ቡድን ከፈለጉ የፊተኞቹ ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጡ።

ቀጥሎ ከአሮጌ ደብተር ክብ ወረቀት ያስቆርጧቸውና "ሦስት እንጀራ ለአራት ልጅ እኩል አካፍሉ" ይበሉ። እንዴት እንደሆነ ግን አይንገሯቸው። አንዱ ቡድን እያንዳንዱን እንጀራ አራት ቦታ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ቁራሽ ያድላል። ሌላው ሁለቱን እንጀራ ለሁለት ለሁለት፣ ሦስተኛውን ለአራት ይቆርጣል። ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይሳሉ። "ለልጁ የደረሰው እኩል ነው ወይስ አይደለም?" ብለው ይጠይቁ። 1/2 እና 1/4 ሲደመር 3/4 መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጫጫታው ስለ እንጀራው ከሆነ አይፍሩት። ማቆሚያ ምልክት ብቻ ያስለምዷቸው። እርስዎ እጅ ሲያነሱ ሁሉም እጁን አንስቶ ዝም ይበል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የለውም። ሳይንስን በቃል ብቻ ማስተማር ሰልችቶኛል።

መልስ፦ ገበያ ሲወጡ አንድ ቀይ ጥቅል ጎመን ይግዙ። ከትፈው ቀቅለው ውሃውን ያጥልሉት። ይህ ወይን ጠጅ ውሃ አሲድና ቤዝን የሚለይ አመልካች ነው። ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲያደርጉበት ወደ ቀይ ይለወጣል። አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ሲጨምሩበት አረንጓዴ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ጠብታ በፊት ግን ልጆቹ ግምታቸውን ይጻፉ። ግምት ሳይጻፍ የሚደረግ ሙከራ ትርኢት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በኋላ የአምቦ ውሃን ጋዙ እንዳለና ተፈልቶ ጋዙ ከወጣ በኋላ ያወዳድሩት፤ ለምን እንደሚለያይ ራሳቸው ይከራከሩበት። በረኪናን ግን ወደ ክፍል አያስገቡ። ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ምንም ገንዘብ ከሌለዎት ደግሞ የእንዶድን ታሪክ ይንገሯቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ አዩ። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ነበር። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ታሪኩን እዚህ ላይ ያቁሙት። "እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠረጥራላችሁ? ጥርጣሬያችሁ ልክ መሆኑን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ ከማውቃቸው የሳይንስ ትምህርቶች ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ። ልጆቹ ሳይንቲስት ማለት የሚያይና የሚጠይቅ ሰው መሆኑን፣ ያም ሰው ከዚሁ አገር እንደሚወጣ ይረዳሉ።

ጥያቄ፦ ጂኦግራፊ ላይ ከፍታ ስናስተምር ቁጥሩን ይሸመድዳሉ እንጂ አይታያቸውም።

መልስ፦ ግድግዳው ላይ ያሳዩዋቸው። ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው በጠመኔ አግድም መስመር ያስምሩ፤ እሱ የባሕር ወለል ነው። 1 ሴንቲ ሜትር 20 ሜትር ይሁን። ድሬዳዋ 60 ላይ፣ ባሕር ዳር 90 ላይ፣ አዲስ አበባ 117 ገደማ ላይ ትውላለች። ራስ ደጀን 227 ላይ ስለሆነ ወንበር ያስፈልጋል። ዳሎል ደግሞ ከመስመሩ በታች 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሒሳቡን ልጆቹ ይሥሩት። ከዚያ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋን በቀለም ይለዩ፤ የራሳቸውንም ከተማ ያስገቡ። ሥዕሉ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ነጻ ነገር የት ላግኝ? መብራትም ኔትወርክም አይታመንም።

መልስ፦ ሁለት ልጠቁም። ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስና የሒሳብ ማሳያ በነጻ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ኮሊብሪ ደግሞ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችን ጨምሮ ብዙ ትምህርት በአንድ ኮምፒውተር ላይ አከማችቶ ለሌሎች ያካፍላል።

የሚያምር ነገር ሁሉ ግን አይጠቅምም። አንድ ዓመት የልብን ሥዕል በባለቀለም ማርከር ሠርቼ ሰቀልኩ። ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። በሳምንቱ ደሙ ከሳንባ ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቅ የመለሰልኝ የለም። የገባቸው ወለሉ ላይ አራቱን የልብ ክፍሎች በጠመኔ ሥዬ፣ እነሱ ደም ሆነው ሲዘዋወሩበት ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። "ሀ ሁ" ስንል ያዛጋሉ።

መልስ፦ 231ዱን ፊደል በአንዴ አይጫኑባቸው። ከስማቸው ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የእናት፣ የአባት፣ የአያት ስም። ሰፈራችሁ የአማርኛ ማስታወቂያ የሞላበት ነው። ከወላጅ ጋር ሲወጡ የሚያውቁትን ፊደል በስልክ ፎቶ አንስተው ያምጡ።

እንቆቅልሽንም ያስገቡ። "ሲሄድ ቢውል፣ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" መልሱ ወንዝ ነው። የተሸነፈው ልጅ "ሀገር ስጠኝ" ሲባል ካርታው ላይ አንድ ከተማ ፈልጎ፣ ስሙን በፊደል ጽፎ ይስጥ። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጂማን ሰጥቶ ሲጨርስ የሌላ ከተማ ስም ፍለጋ ቤት ሄዶ አያቱን ይጠይቃል።