ፔስትሽ ከሥሩ ውሃ የሚለቀው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ለ10 ኪሎ የልብስ ማጠቢያ ፔስት 1.2 ኪሎ ሰልፎኒክ አሲድ (ከኮስቲክ ጋር ሲዋሐድ ዋናው አጽጂ የሚሆነው)፣ በግምት የተጨመረ ኮስቲክ ሶዳ (ብርቱ አልካሊ)፣ ግማሽ ኪሎ ቴክሳፖን (አረፋ ሰጪ አጽጂ)፣ 2.5 ኪሎ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ 400 ግራም ጨውና ግማሽ ኪሎ የተፈቀፈቀ ደረቅ ሳሙና አስገብተሻል። በመጀመሪያው ቀን ወፍራም ነበር፣ አረፋውም ደስ ይል ነበር። በአምስተኛው ቀን ከባልዲው ሥር ጥርት ያለ ውሃ ተጠራቀመ፣ ፔስቱ እንደ እርጎ ተቆራርጦ ከላይ ቀረ፣ ብርድ ባደረበት ሌሊት ደግሞ ስኳር የመሰለ ጠጣር ፍሬ አወጣ። አረፋውም በባዶ ውሃ ጥሩ ሆኖ የቆሸሸ ልብስ ሲገባበት ይጠፋል። «እንዲጠነክርልኝ ጨው ልጨምር ወይስ ሶዳ አሽ?» ብለሻል።

ሁለቱንም አትጨምሪ። ፔስትሽን የበተኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ ስሠራ የተማርኩት ዋናው ነገር፣ ፔስት ውስጥ ያለው ሁሉ የሚሻማው ውሃ መሆኑን ነው። ሰልፎኒኩና ቴክሳፖኑ ውሃ ይፈልጋሉ፣ ማወፈሪያው ሲኤምሲ ካለ እርሱም ይፈልጋል፣ ሶዳ አሹና ጨውም ይፈልጋሉ። ጨዋማዎቹ ግን ከሁሉም ይበረታሉ። ትንሽ ሲሆኑ የሳሙናውን፣ ማለትም የሰልፎኒኩንና የቴክሳፖኑን፣ ሞለኪውሎች አቀራርበው ያወፍራሉ። መጠናቸው ሲያልፍ ውሃውን ለራሳቸው ወስደው ሳሙናውን ይገፉታል። የድሮ ሳሙና ሠሪዎች ሳሙናውን ከድስቱ ውሃ ለመለየት ሆን ብለው ጨው የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አንቺ ሳታስቢው ያንኑ አድርገሻል። ከሥር ያገኘሽው ጥርት ያለ ውሃ ከባድ የጨው ውሃ ነው፤ ቀለል ያለው ሳሙና ደግሞ ከላይ ተንሳፈፈ። ስለዚህ ፔስት ቀጥኖ ስታዪው ጨው ከመጨመርሽ በፊት ከልክ በታች ነሽ ወይስ ከልክ በላይ የሚለውን እወቂ። ከፔስቱ ጥቂት ቀንሰሽ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ውሃ ተጨምሮበት ከወፈረ ጨውሽ ከልክ አልፏል ማለት ነው።

ስኳር የመሰለው ፍሬ ከሶዳ አሹ የመጣ ነው። የሟሟ ሶዳ አሽ ሲቀዘቅዝ አንዱ ሞለኪውል 10 የውሃ ሞለኪውል ይዞ ይረጋል። በክብደት ስታሰቢው 106 ግራም ሶዳ አሽ 180 ግራም ውሃ ያስራል። ያንቺ 2.5 ኪሎ ሙሉ በሙሉ ቢረጋ 4.2 ኪሎ ያህል ውሃ ይወስዳል፤ በባልዲሽ ውስጥ ያለው ውሃ በጠቅላላው ከ5 ኪሎ አይበልጥም! ይህ እርጋታ ከ32 ዲግሪ ገደማ በላይ አይፈጠርም። ፔስቱ ሲሠራ ሞቃት ስለሆነ ምንም አይታይም፣ ብርድ ሲያድር ግን ፍሬው ይወጣል። ብዙ ሰው ለክብደት የሚጨምረው ሶዲየም ሰልፌትም ጠባዩ ያው ነው። ድንበሩ 32.4 ዲግሪ ሲሆን ከዚያ በታች እርሱም 10 ውሃ ይዞ ይረጋል። ለዱቄት ሳሙና ጥሩ ነው፣ ለፔስት ግን በበኩሌ አልጠቀምበትም።

ታዲያ ውፍረቱ ከየት ይምጣ? ከራሱ ከሳሙናው፣ ከሲኤምሲውና ከኮምፐርላኑ (አረፋ አጽኚና ማወፈሪያ)። እኔ የምነሳበትን መጠን ልንገርሽ። ለ10 ኪሎ፦ 96% የሆነ ሰልፎኒክ አሲድ 1.5 ኪሎ፣ ኮስቲክ ሶዳ ፍሌክ 200 ግራም ገደማ፣ 70% የሆነ ቴክሳፖን 600 ግራም፣ ኮምፐርላን 200 ግራም፣ ሶዳ አሽ 400 ግራም፣ ፈሳሽ ሶዲየም ሲሊኬት 300 ግራም፣ ሲኤምሲ 80 ግራም፣ ኢዲቲኤ (ብረት ያዥ) 20 ግራም፣ ሽቶ 30 ግራም፣ ቀሪው ውሃ። ጨው የለበትም። መጨረሻ ላይ ካስፈለገ በ10 ግራም በ10 ግራም እየሞከርሽ ትጨምሪያለሽ። የእያንዳንዱ አቅራቢ ዕቃ ስለሚለያይ መጀመሪያ በግማሽ ኪሎ ሞክሪው።

ኮስቲኩን «በግምት» ማለትሽ አሳስቦኛል። 100 ግራም ሰልፎኒክ አሲድ ወደ 13 ግራም ንጹህ ኮስቲክ ይበላል። ሰልፎኒኩ ራሱ 12 ገደማ ይወስዳል፣ ቀሪው ከውስጡ ለሚገኘው ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከዚህ ሂሳብ ተነሺና መጨረሻውን በፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ጨርሺው። ፒኤች የሚለካው ፔስቱ ላይ ወረቀት በመለጠፍ አይደለም። 10 ግራም ፔስት በ990 ግራም ውሃ አሟሚና እርሱን ለኪ። በእጅ ለሚታጠብ ልብስ ከ9.5 እስከ 10.5 ባለው ውስጥ አቆየዋለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን የእጅ ቆዳ ይላጣል፣ ኮምፐርላኑም በብርቱ አልካሊ ውስጥ በጊዜ ብዛት ይፈርሳል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ፤ ትክክለኛ መጠን ይዘው በቅደም ተከተል የሚወድቁ ብዙ ናቸውና እዚህ ላይ ታገሺኝ።

ሲኤምሲውን ከሁሉ በፊት፣ ጨውም ሶዳም በሌለበት ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ እያማሰልሽ እንደ ዱቄት ነስንሺው። ባንድ ጊዜ ከገለበጥሽው ውጪው ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጉብጉብ ይሆናል፣ ያ ጉብጉብ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይሟሟም። ሌሊቱን አሳድሪው። ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ ከጨመርሽው ውሃውን ሶዳው ስለቀደመው ሲኤምሲው በደንብ አያብጥም። ያው የውሃ ሽሚያ ነው።

ቴክሳፖኑንም ለብቻው አቅጥኚው። 70% ሲሆን ይፈሳል፣ ውሃ ሲጨመርበት ግን ከ60% እስከ 30% ባለው መሃል እንደ ጄሊ ይጠጥራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም፣ መሃል መንገድ ላይ ነው። 600 ግራሙን በ1.2 ኪሎ ውሃ ውስጥ ከትተሽ በዝግታ እያማሰልሽ ተይው። ከ25% በታች ስለሚወርድ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወጥ ፈሳሽ ታገኛለሽ።

ከዚያ ኮስቲኩ። ኮስቲኩ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ኮስቲኩ አይጨመርም፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። መነጽርና ጓንት ሳታደርጊ ክዳኑን እንኳ አትክፈቺ። የአሉሚኒየም ዕቃም አይሁን፤ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ኮስቲኩ ሟሙቶ ሲበርድ ሰልፎኒኩን በቀጭኑ እያንቆረቆርሽ ጨምሪ። ጥቁር ቡናማው አሲድ እየነጣ ወደ ክሬም መልክ ሲዞር ታዪዋለሽ። ይሞቃልም። ፍጥነትሽን በሙቀቱ ለኪ። ባልዲውን በእጅሽ መንካት ካቃተሽ ቁሚና አብርጂ።

እዚህ ላይ እኔን የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ሰልፎኒኩ እንዳለቀ ፒኤች ለካሁ፣ 9 አለኝ፣ ሶዳ አሹን ጨመርኩ፣ በዚያው ቀን ባልዲ ሞልቼ ከደንኩ። ሲነጋ ክዳኖቹ ተነፍተው ነበር፣ ሁለቱ ተከፍተው ፔስቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ወጥቷል። ወፍራም ፔስት ውስጥ ያልተዋሐደ የአሲድ ጉብጉብ ተደብቆ ይቀራል። እርሱ ቀስ ብሎ ሶዳ አሹን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከዚያ ወዲህ ፒኤች ለክቼ አንድ ሰዓት ጠብቄ፣ እንደገና አማስዬ፣ እንደገና እለካለሁ። ከወረደ ኮስቲክ እጨምራለሁ። ሁለቴ ተለክቶ እኩል ካልመጣ ሶዳ አሽ አይነካውም።

ቴክሳፖኑ የሚገባውም ከዚህ በኋላ ነው። ቴክሳፖን አሲድና ሙቀት ካገኘ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ራሱ አሲድ ስለሚያወጣ መፍረሱን ያፋጥነዋል። አሲዱ በኮስቲኩ ሳይሞት የገባ ቴክሳፖን በአረፋሽ ላይ የሚያደርሰውን ኪሳራ መልሶ የሚክስ ነገር የለም። ከእርሱ ቀጥሎ ያበጠው ሲኤምሲ፣ ከዚያ በጥቂት ሙቅ ውሃ የሟሟ ሶዳ አሽና ኢዲቲኤ፣ ከዚያ ሲሊኬቱ በውሃ ቀጥኖ። ሲሊኬት ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ነጭ የሲሊካ ጠጠር ይሆናል፣ በፔስቱ ውስጥ በቀላሉ መልሶ አይሟሟም። ኮምፐርላኑ በመጨረሻ ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ሽቶው ሙሉ በሙሉ ሲበርድ። ማማሰያው ሁልጊዜ ከፔስቱ በታች ጠልቆ በዝግታ ይዙር። አየር ከገባበት ባልዲው ሙሉ ይመስልና በሁለተኛው ቀን ይጎድላል፣ ደንበኛም ተሰረቅኩ ይላል።

አሁን አረፋው። በባዶ ውሃ የሚያምር አረፋ ብዙም አይነግርሽም። የአረፋው ግድግዳ ቀጭን የውሃ ፊልም ነው፤ ያን ፊልም ይዞ የሚያቆመው ሳሙናው ነው። ቅባት ሲመጣ ሳሙናው ፊልሙን ትቶ ቅባቱን ለመሸፈን ይሄዳል። ካልሲየም የበዛበት (ከባድ) ውሃ ሲሆን ደግሞ ካልሲየሙ ሰልፎኒኩን ይዞት ይዘቅጣል። ለዚህ ነው ሰልፎኒክ ብቻውን የማይበቃው። ቴክሳፖን ካልሲየምን ይቋቋማል፣ ኮምፐርላን ፊልሙን ያጠነክራል፣ ሶዳ አሹ ካልሲየሙን ቀድሞ ይይዛል። ኢዲቲኤው ግን በዚህ መጠን ውሃ አያለሰልስም፣ ጥቃቅን ብረት ይዞ ቀለምና ሽታ እንዳይበላሽ ነው የገባው።

የፈቀፈቅሽው ደረቅ ሳሙና ደግሞ የአረፋሽ ዋና ጠላት ነው። እንዲህ ያለው ከቅባት የተሠራ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፣ ያ ዝቃጭ የአረፋውን ፊልም ይበሳዋል። የማሽን ዱቄት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አረፋ እንዲቀንስላቸው ሆን ብለው ሳሙና ይጨምራሉ። አንቺ አረፋ ፈልገሽ የአረፋ መቀነሻ አስገብተሻል። ሙሉ በሙሉ አውጪው።

«አረፋ አያጸዳም» የሚሉሽ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ አረፋው ራሱ አያጸዳም። ነገር ግን በእጁ የሚያጥብ ሰው አረፋን የሚያየው በከንቱ አይደለም። አረፋው ሲጠፋ ሳሙናው በቅባትና በካልሲየም ማለቁን ያውቃል። ስለዚህ ምርትሽን በዚያ ሁኔታ ፈትኚው። 1 ግራም ፔስት በ1 ሊትር ውሃ አሟሚ፣ 100 ሚሊ ሊትሩን ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ ክደኚ፣ 20 ጊዜ ገልብጪ፣ የአረፋውን ከፍታ ወዲያውና ከ5 ደቂቃ በኋላ በማስመሪያ ለኪ። ቀጥሎ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ጨምረሽ ድገሚው። ሁለት ቀመር የምታወዳድሪው በዘይቱ ውጤት ነው። ኮምፐርላኑን በቤታይን (ሌላ አረፋ አጽኚ) መተካት ከፈለግሽም በዚሁ ትመዝኚዋለሽ። ኮምፐርላን፣ ማለትም የኮኮናት ዲኢኤ፣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ 2ቢ ምድብ (ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ የሚባሉት) ውስጥ ስለገባ እኔም ለእጅ የሚነካ ነገር ቀስ በቀስ ወደ ቤታይን እያዞርኩ ነው። ቤታይን ግን ጨው ይዞ ስለሚመጣ ቀመሩን እንደገና መፈተሽ ግድ ነው።

ፔስቱ ሳይለያይ መቆየቱን ለማየት ሦስት ማሰሮ አስቀምጪ፦ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ በ5 ዲግሪ፣ አንዱን 40 ዲግሪ በሆነ ቦታ፣ አንዱን ጠረጴዛሽ ላይ። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ30ኛው ቀን እያቸው። የቀዘቀዘው ፍሬ ካወጣ ሶዳው በዝቷል። የሞቀው ከሥሩ ውሃ ከለቀቀ ጨው በዝቷል ወይም ሲኤምሲው አላበጠም። ፒኤቹም ይለካ። ሠላሳ ቀን ሳይሞላ ለሰው አትሽጪ።

የተበላሸውን ባልዲ አትድፊው። በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ እስከ 45 ዲግሪ አሙቂው፣ ፍሬው ይሟሟል። ሥሩ ያለውን ውሃም አብረሽ አማስይው እንጂ አትቅጂው፣ ሶዳሽ እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ አዲስ ፔስት ያለ ሶዳ አሽና ያለ ሲሊኬት ሥሪና፣ ለአምስት እጅ አዲስ አንድ እጅ አሮጌ እየጨመርሽ አዋህጂው። በዚህ ልክ የሶዳው መጠን እኔ ከሰጠሁሽ ጋር ይቀራረባል። በውስጡ የገባው ደረቅ ሳሙና ግን ስለማይወጣ ይህን ለራስሽ ቤት ተጠቀሚበት። የመጀመሪያውን የግማሽ ኪሎ ሙከራ ስትጨርሺ ሁለቱን የፒኤች ንባብና የዘይቱን የአረፋ ከፍታ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።